የጳጉሜ ግልባጭ

ኮምፒውተሬ ቀጭ ቀጭ ማለት የጀመረ ለታ መጀመሪያ የታወሰኝ መበላሸቱ አይደለም፤ ጫልቱ ናት። ጓዳ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላዋዬን እንደያዝኩ ቀጥ አልኩ። ድምፁ ከሳሎን ይመጣል። ደረቅ ነው፣ ይፈጥናል፣ ትንሽ አርፎ ደግሞ ይነሳል። ወጣት ሳለን ሰበታ፣ አብረን በምንሠራበት ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ፣ ጫልቱ ከጀርባዬ ተቀምጣ የጽሕፈት መኪናዋን ስትወርድበት የምሰማው ድምፅ ቁርጥ እሱን ነው። «ቀስ በይ እንጂ አንቺ ሴትዮ፣ ወረቀቱን ልትበሺው ነው?» ልላት ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ነው ቡራዩ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን መሆኔና የሚንቀጫቀጨው ማሽኑ መሆኑ የገባኝ። ሽንኩርቱን ጥዬ ሮጥኩ። የሰባ ዓመት ሴት ሮጠች ቢሉ ማን ያምናል? ሮጥኩ ግን።

እኔ ድሮም አርፎ መቀመጥ አልሆነልኝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታይፒስት ሆኜ ወንበር ላይ በምን ተአምር እንደቆየሁ እንጃ። ጫልቱ «የሺዬ፣ ወንበርሽ ላይ ጉንዳን አለ እንዴ?» ትለኝ ነበር። ያን ጊዜ ሁለታችንም ሃያ ዓመት አልሞላንም። ፋብሪካው ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ከበሩ ፊት ለፊት አንዲት የቆርቆሮ ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ አሥር ሳንቲም፤ ሃያ ሳንቲም ይዞ የመጣ ሰው ጠዋቱን ጌታ ሆኖ ይውላል። ከዓለም ገና በጋሪ ለሚመጣ ፈረሱ ደስ ካለው ቶሎ ይደርሳል፣ ካላለው ግን ወርዶ በእግሩ ነው። ጫልቱ አንዲት አረንጓዴ ፖሊስተር ጉርድ ነበረቻት፤ ማታ ማታ ከፍራሽ ሥር አንጥፋ ትተኛባትና ጠዋት ተተኩሳ ትወጣለች። እኔ ደግሞ ቤልቦተም ሱሪ አሰፍቼ፣ እግሩ ሰፍቶ የሰበታን አቧራ ሁሉ ጠርጌ ቢሮ አስገባ ነበር። ሻይ ቤቷ ትልቅ ሬዲዮ ስለነበራት ምሳ ሰዓት ላይ ዘፈን ሲለቀቅ ጫልቱ መስኮቱን ትከፍትና እየጻፈች ከዘፈኑ ምት ጋር ጣቷን ታስተካክላለች። የማዳበሪያ ጥያቄ ይሁን የዕቃ ማዘዣ፣ ደብዳቤው በዘፈን ነው የሚጻፈው። ስለ ጊዜው ምን ላውራ፣ ጊዜው ጊዜ ነበር። ስብሰባ ነበር፣ ሰልፍ ነበር፣ የሚጠራ ይጠራል፣ የሚሄድ ይሄዳል። እኔ የማስታውሰው ጉርዷን ነው።

የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን አቶ መኩሪያ የሚባሉ፣ በሐሩርም በዝናብም ግራጫ ሹራብ ከክራቫት ጋር የሚለብሱ ሰው ነበሩ። አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና የሠራተኛው ፋይል በሙሉ ገንፎ ሆነ። ዋናውም ገንፎ፣ ግልባጩም ገንፎ፤ ለካ ሁለቱም አንድ መደርደሪያ ላይ ነበር የተቀመጡት። አቶ መኩሪያ ሦስት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገሩም። በአራተኛው ቀን ጠርተውን «ከእንግዲህ ዋናውና ግልባጩ አንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም!» አሉን። በቃ፣ ሕግ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየጳጉሜው፣ ዓመቱ ሳይዞር፣ ሰው ጃሪካኑን ይዞ ወደ ጠበል ሲወርድ እኔና ጫልቱ የዓመቱን ግልባጭ በላስቲክ ጠቅልለን፣ በጭንቅላታችን ተሸክመን፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለው መጋዘን እናሻግራለን። ጭቃው ኮንጎ ጫማችንን እየነጠቀን። ጫልቱ እየሳቀች «እኛም ጠበል ልንገባ ነው፤ ኃጢአታችን በሦስት ግልባጭ ነው» ትላለች። እንዲህ ያለች ባለጌ ናት።

ሌላ የሥራ ሕግ ነበረን፣ ከዚህ የሚበልጥ። የተጻፈ ሁሉ ሳይፈረም በፊት ይመሳከራል። አንዳችን የተጻፈውን ጮክ ብለን እናነባለን፣ ነጠላ ሰረዙም አራት ነጥቡም ሳይቀር፤ ሌላዋ ዋናውን በጣቷ እየተከተለች ታዳምጣለች። ስህተት ሲመጣ አትናገርም፤ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ኳ! ታደርጋለች። ኳ ካለ ትመለሻለሽ፣ ዝም ካለ ትቀጥያለሽ። በእኛ ሥራ ዝም ማለት ልክ ነው ማለት ነው። የጫልቱ እርሳስ አይምርም ነበር። አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ቆመው እያነበቡ ኳ አደረገችባቸው። ሰውዬው ደነገጡ፤ እሷ ግን ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም። ልክ ነበረች ደግሞ፤ ቀኑን ተሳስተው ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሰው እኔን የሚያውቀኝ በሌላ ሥራ ነው። እዚህ ቡራዩ ኬላ አካባቢም ሆነ ሰበታ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ለቅሶ ቤት እጠራለሁ፣ ጥግ ይዤ ዘመዶቹን እጠይቃለሁ፣ የት ተወለደ፣ የት ሠራ፣ ማንን ወለደ፤ በነጋታው ከቀብር በፊት ይነበባል። መጀመሪያ ፋብሪካው ሲያስወግድ በገዛኋት አሮጌ የጽሕፈት መኪና፣ በኋላ ግን ልጄ ባመጣልኝ ኮምፒውተር። ኮምፒውተሩ ሲመጣም የአቶ መኩሪያ ሕግ ከራሴ አልወጣም። በየጳጉሜው መጀመሪያ በፍሎፒ፣ ከዚያ በሲዲ፣ ከዚያ በፍላሽ እገለብጥና ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ሰበታ ጫልቱ ቤት አስቀምጣለሁ። ዋናው ቡራዩ፣ ግልባጩ ሰበታ። ልጆቼ ይስቁብኛል። «እማ፣ አሁን እኮ ሁሉም ነገር ሰማይ ላይ ይቀመጣል» ይሉኛል። ሰማይ ላይ! መብራት በሳምንት ሦስቴ የሚጠፋበት ሰፈር ተቀምጬ ሰማይ የት አውቄ።

ከሦስት ዓመት በፊት ጫልቱ መጥታ ሁለት ሳምንት እኔ ጋ ተቀመጠች። ጠዋት ጠዋት ወደ ገፈርሳ ግድብ በእግራችን ወጥተን ባሕር ዛፉ ሥር ውኃውን እያየን እንቀመጣለን፤ እሷ ትቀመጣለች፣ እኔ ግን እንጎራደዳለሁ። አንድ ቀን ቤት ስንገባ ወንበር ስባ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጠችና «ጻፊ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የኔን። እኔ ስሞት ቶሎሳ ሽማግሌ ሰብስቦ ‹ደግ ነበረች፣ እንግዳ ተቀባይ ነበረች› ያስብልብኛል። እኔ እንግዳ እወዳለሁ እንዴ?»

«ኧረ አትወጅም!» አልኩ። ቶሎሳ ታናሽ ወንድሟ ነው።

«እና ጻፊ። ግን ስሜን ከላይ እንዳትጽፊበት፤ በቁሜ ሟርት ነው። ሌላ ስም እሰጥሻለሁ።»

አሥር ቀን ስትናገር እኔ ስጽፍ ቆየን። ስለ ትውልድ መንደሯ፣ ስለ አባቷ በቅሎ፣ ስለ ፋብሪካው። ከዚያ አንድ ቀን ስለ ልጇ ተናገረች። ይህን እኔም ለአርባ ዓመት ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። ባሏ ሹፌር ነበር፤ ለዘመቻ ከተጠሩት ጋር ተጠርቶ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ሲሄድ እርጉዝ ነበረች። ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጅቱ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ቆይታ በኩፍኝ ሄደች። ለሕፃን ማን ታሪክ ያነባል? ለቅሶውም የሁለት ቀን ነበር። ከዚያ ወዲያ እንዳይከፋት ብለን ዝም አልን፣ እኔም፣ ጎረቤቱም፣ ወንድሟም። ዝም ስንል ስንል ጫልቱ ልጅ ያልወለደች ሴት ሆና ቀረች። «እናንተ ለኔ ስታዝኑ እሷን አጠፋችኋት» አለችኝ። «ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ይቺን ምድር ረግጣለች። አንድ ቀን፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ ስሟ ይጠራ። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ማሎ የሺ።» ማሎ ስትል እለምንሻለሁ ማለቷ ነው፤ በኦሮምኛ ከለመነችኝ የምሯን ነው። ቃል ገባሁላት። ጻፍኩት። ለሰው ሁሉ የጻፍኩት ታትሞ በየቤቱ ወረቀት አለ፤ የጫልቱን ግን በሕይወት ያለ ሰው ታሪክ ምን ብዬ አትማለሁ? እዚያው ማሽኑ ውስጥ ተውኩት።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ጫልቱን ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ ተያዘ፣ ምላሷ ታሰረ። ትሰማለች፣ ታያለች፤ መናገር ግን የለም። ባለፈው ሳምንት ኦቦ ቶሎሳ ደወለልኝ። እኔን እንኳ አዴ፣ ማለት ወይዘሮ፣ የሚል፣ አንቱ ባይ፣ ጨዋ ሰው ነው። «አዴ የሺ፣ ሐኪሙ ተዘጋጁ ብሎናል። አንቱ መቼም ታውቁበታላችሁ፤ ታሪኳን አንድ ገጽ ያህል ብታዘጋጁልን። ልጅ ባትወልድም የሰው ልጅ አሳድጋለች፣ እሱን አስገቡልኝ» አለኝ። «ተጽፎ አልቋል፣ ራሷ ናት ያጻፈችኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ያን ለታ ማታ ልከፍተው ስል መብራት የለም። በነጋታውም የለም። በሦስተኛው ቀን መብራት መጣ፤ ቀጭ ቀጩም አብሮ መጣ።

ኬላ አጠገብ ብርሃኑ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አለ፤ ሽበት የወረረው፣ ከጠጋኝ ይልቅ ቄስ የሚመስል ሰው። ማሽኑን በባጃጅ፣ እንደ ታመመ ሰው በጋቢ ጠቅልዬ ወሰድኩለት። ፈቶ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ጭጭ።

«ወይዘሮ የሺ፣ ሃርድ ዲስኩ አልቆለታል። መብራቱ ሄዶ በመጣ ቁጥር ሲመታው ኖሯል። ሌላ ቦታ ያስገለበጡት አለ?»

«አለ እንጂ!» አልኩት። ኮራሁ። እውነቴን ነው፣ ደረቴን ነፍቼ ነው የኮራሁት። «ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በየጳጉሜው!»

«እንግዲያው ምን ያስጨንቅዎታል?» አለኝ። እኔ ግን ቆሜ መጠበቅ አልቻልኩም። ያልቻልኩበት ምክንያት አንድ ነገር ነው፤ ለብርሃኑም አልነገርኩትም። ሌሊቱን ስገላበጥ የልጅቱን ስም ላስታውስ ብል እምቢ ብሎኛል። ቤት ውስጥ ሚጡ ነበር የምንላት። አገር ምድሩ ሚጡ ነው! እውነተኛ ስሟን ጫልቱ ነግራኛለች፣ በገዛ ጣቴ ጽፌዋለሁ፤ ማሽኑ ያውቀዋል ብዬ ነው መሰል እኔ ለቀቅኩት። በጽሕፈት መኪና ዘመን አንድ ስም አንዴ ከጻፍኩ ሃያ ዓመት አይጠፋኝም ነበር። እፍረት ብቻዬን ገደለኝ።

ከቡራዩ መርካቶ፣ ከመርካቶ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሰበታ። ታክሲው ሰው ካልሞላ አይንቀሳቀስም፤ እኔ በመስኮት ወያላውን «ኧረ ውጣ በለው፣ እዚህ ሰው ተጨንቋል!» እላለሁ። አጠገቤ ያለች ሴት «እማማ፣ የታመመ ጥየቃ ነው?» አለችኝ። «ሁለት የታመመ ነው» አልኳት። ወለቴን ስናልፍ ድሮ ስንዴ የነበረው ሁሉ ፎቅ ሆኗል። ዓለም ገና ጋሪ የሚቆምበት ጥግ ላይ አሁን ባጃጅ ተሰልፏል፤ ፈረስ የታሰረበት ግንድ የነበረበት ቦታ የሞባይል ካርድ መሸጫ ነው። እዚያች ጥግ ላይ ጫልቱ ሚጡን አዝላ ቆማ አውቶቡስ ስትጠብቅ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ልጅቱ ቢጫ የክር ሹራብ ለብሳለች፤ እኔ ነኝ የሠራሁላት። አንድ እጅጌው ከሌላው ይረዝማል። አቤት፣ የሹራቡ እጅጌ ይታወሰኛል፣ ስሟ ግን የለም! ሮቤ? ለሊሴ? ቢፍቱ? ያወቅኩትን የኦሮሞ ስም ሁሉ ጠራሁ፤ ሁሉም ያምራል፣ የትኛውም ልቤን አልነካውም።

ጫልቱ ቤት ስገባ ኦቦ ቶሎሳ በር ላይ ተቀበለኝ። እሱ የሚኖረው ተፍኪ ነው፤ ከታመመች ወዲህ ግን እርሻውን ትቶ እዚሁ ነው። «አካም ጅርቱ አዴ የሺ፣ ደህና ናችሁ፣ ግቡ ግቡ» አለኝ። ጫልቱ ተጋድማለች። ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ያው የድሮው ዓይን ነው፣ ገና ስገባ ጫማዬን አየችና ጭቃውን ታዘበችኝ። ሳምኳት። ከአልጋዋ ግርጌ ካለው ሳጥን፣ ከነጠላዋ ሥር፣ ፍላሼን በመሐረብ እንደተቋጠረ አወጣሁት። ሰላም ብዬ አንድ ደቂቃ ሳልቀመጥ ወጣሁ።

ዓለም ገና መንገድ ዳር አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት አለች፤ ባለቤቷ ጎልማሳ ሴት ናት፣ ፊቷ ፈገግታ የማያጣ። ፍላሹን ሰካችው። ጠበቅኩ። ቆሜ።

«እማማ፣ ምን የሚል ነው የሚፈልጉት?»

«የሰው ታሪክ ነው። ጫልቱ የሚል ይኖራል።»

«እዚህ ያለው አምስት ነገር ብቻ ነው። ‹የቡራዩ›፣ ‹የሰበታ›፣ ‹ፎቶ›፣ ‹ጋዲሴ›፣ ‹የልጆች›። ጫልቱ የሚል የለም።» አንዱን ነካችው። አልተከፈተም። ሌላውንም፤ እምቢ። ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። «ይቺን ቀስት ያዩዋታል፣ ጥግ ላይ? ይኼ እኮ ፋይሉ አይደለም፤ ሾርትከት ነው። ፋይሉ ያለበትን የሚጠቁም ብቻ ነው። ዕቃው ያለው እቤትዎ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ የገለበጡት ምልክቷን ነው።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ባዶ ነው እማማ።»

«ሃያ ዓመት?»

«ከዴስክቶፑ ላይ ከሆነ የሚገለብጡት... አዎ።»

እኔን አፈር ያስበላኝ! ልጄ «እማ፣ እንዳይጠፋብሽ» ብሎ ቀስቶቹን ፊት ለፊት ደርድሮልኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ በየጳጉሜው እነሱን ጎትቼ ፍላሽ ውስጥ ከትቼ፣ ሦስት ታክሲ ተሳፍሬ፣ በመሐረብ ቋጥሬ አስቀምጫለሁ። ሃያ ዓመት ባዶ ቀስት ሳሻግር ኖርኩ! አቶ መኩሪያ ይህን ቢያዩ ሦስት ቀን አይደለም፣ ዕድሜ ልክ አያናግሩኝም። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ የሌላው ሁሉ ወረቀት በየቤቱ አለ። የጫልቱ ነው የሌለው። ሴትየዋ ውኃ ልስጥዎ አለችኝ፤ ውኃ አልፈልግም። ልወጣ ብዬ በሩ ላይ ስደርስ ተመለስኩ።

«ካርቦን አለሽ?» አልኳት።

«ምን?»

«የግልባጭ ካርቦን። ሰማያዊው።»

ብዙ ፈልጋ፣ ከመደርደሪያው ላይ አቧራ የለበሰ አንድ ፓኬት አወረደች። «ይኼን የሚጠይቅ ሰው ካየሁ ቆየሁ» አለች። ፓኬቱን ስከፍተው ሽታው መጣ፣ ያ የቅባትና የሰም ሽታ፣ የአረንጓዴዋ ጉርድ፣ የሻይ ቤቷ ሬዲዮ ሽታ። መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። አላፊ አግዳሚው እያየኝ አለቀስኩ፤ ማን ከልካይ አለኝ።

ጫልቱ አልጋ አጠገብ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ነው የምላችሁ! ሁሉንም ነገርኳት፣ ማሽኑን፣ ፍላሹን፣ ቀስቱን። ሳትሰማኝ አልቀረችም፤ በግራ ዓይኗ ሳቀችብኝ። «ተይ አትሳቂ፣ የሳቅሽው በራስሽ ነው» አልኳት። ከዚያ ሦስት ወረቀት በሁለት ካርቦን ደርቤ፣ በእስክሪብቶ ጫን እያልኩ፣ ያስታወስኩትን መጻፍ ጀመርኩ። እየጻፍኩ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፣ ሌላ ምን ይምጣልኝ፣ የለመድኩት እሱን ነው።

«ወይዘሮ ጫልቱ ከአባቷና ከእናቷ በተፍኪ አካባቢ ተወለደች፤ አራት ነጥብ። አባቷ ነጭ በቅሎ ነበራቸው፤ አራት ነጥብ።»

ኳ።

ቀና አልኩ። ግራ እጇ የአልጋውን እንጨት መቶታል። ጣቷ ገና እንደቆመ ነው።

«ነጭ አይደለችም?»

ዝም።

«ቡላ ናት!»

ዝም። ቡላ ናት። ኦቦ ቶሎሳ ከበሩ መጥቶ ቆመ። «ቡላ ነበረች፣ እውነት ነው» አለ ቀስ ብሎ። እኔ እየሳቅኩም እያለቀስኩም ቀጠልኩ። ዋናው ጽሑፍ የት እንዳለ ገባኝ፤ አልጋው ላይ ተጋድማ ታዳምጠኛለች። ሁለት ሰዓት ያህል ሠራን። «ሁሉን ሰው በፍቅር ትቀበል ነበር» ብዬ ባስገባ ኳ! ኳ! ሁለቴ። የቅጥር ዘመኗን ሳሳስት ኳ። የሥራ አስኪያጁን ነገር ሳነብ ዝም ብላ በዓይኗ ሳቀች።

ከዚያ ደረስን። ልጅ ላይ ስንደርስ እጄ ቆመ። ኦቦ ቶሎሳ ገብቶት ጎንበስ አለና በጆሮዬ «አዴ የሺ፣ ይቅር እሱ። ልጅ አልነበራትም ይባል፤ አሁን አናስታውሳት» አለኝ።

ኳ! እንጨቱን ባላት ኃይል ሁሉ መታችው። ኳ! ኳ! ሹክሹክታውን ሰምታለች። ሰውዬው ራሱን ያዘ። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠና «ያን ጊዜ እኔ ሐረር ነበርኩ» አለ። «ስመለስ ተቀብራ ነበር። ስሟን ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ መጠየቅ አፈርኩ። አርባ ዓመት አፈርኩ።»

«ሮቤ ናት?» አልኩ ጫልቱን። ኳ። «ለሊሴ?» ኳ። «ቢፍቱ?» ኳ። እየደከመች ነው፣ ድምፁ እየቀለለ ሄደ። እግሬ ተነሺ ተነሺ አለኝ፣ ልውጣ፣ ልሩጥ፣ ብቻ እዚህ አልሁን። ስሟን የነገረችኝን ቀን ለማስታወስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳሎኔ፣ ኮምፒውተሩ፣ እሷ ወንበር ስባ። ‹ስሜን ከላይ እንዳትጽፊበት። ሌላ ስም እሰጥሻለሁ።› ሰጥታኝ ነበር እኮ፣ የልጇን ስም! ከላይ፣ በፋይሉ ራስ ላይ ጽፌው ነበር። ሴትየዋ ፎቶ ኮፒ ቤት ቆማ ስታነብልኝ እኔ ጫልቱን ስፈልግ፣ ከሰበታ ሟቾች አንዷ ትሆናለች ብዬ ያለፍኳት አንዲት ስም ነበረች። ከሃያ ዓመት ልፋቴ የተረፈችው ያቺው ናት።

እስክሪብቶዬን ጫን አድርጌ ጻፍኩ፤ ሦስቱም ወረቀት ላይ እንዲወጣ። ከዚያ እንደ ድሮው፣ ጮክ ብዬ፣ ነጥቡን ሳልተው አነበብኩ።

«ወይዘሮ ጫልቱ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ነጠላ ሰረዝ፤ ስሟ ጋዲሴ ይባላል፤ ነጠላ ሰረዝ፤ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ኖራለች፤ አራት ነጥብ።»

ኳ አላለም። ጠበቅኩ። አሁንም የለም። ደነገጥኩ፤ ተኝታ ይሆን? ደክማ ይሆን? ልፈትናት ብዬ ቀጥዬ «ወይዘሮ ጫልቱ በዝምታዋና በትሕትናዋ በሥራ ባልደረቦቿ ዘንድ የታወቀች ነበረች» ብዬ አነበብኩ።

ኳ!

ኦቦ ቶሎሳ ሳቁ አመለጠው። እኔም ሳቅኩ። አንዱን ወረቀት ከካርቦኑ ለይቼ ለእሱ ሰጠሁት፣ ተፍኪ ይዞት እንዲሄድ። አንዱ እዚሁ ሳጥኗ ውስጥ፣ አንዱ ከኔ ጋር ቡራዩ፤ ሦስት ጣሪያ ሥር ያድራል። ኦቦ ቶሎሳ መነጽሩን አውጥቶ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋና ያቺን መስመር ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ስሟ ጋዲሴ ይባላል» አለ።

እኔ የጫልቱን እጅ አየሁ። እንጨቱ ላይ ተዘርግቷል፣ አልተነሳም። ዓይኗ ወንድሟ ላይ ነበር።